የምንጅላትህን ታሪክ ከቤትህ ሳጥን ጀምር፤ ያልተነበበው ወረቀት ይቅደም

ጥያቄው ባጭሩ፦ «ድሬዳዋ ከዚራ ነው የምኖረው። የምንጅላቴን ታሪክ መጻፍ እፈልጋለሁ። በቤተሰብ የሚባለው፣ በ1870 ድሬዳዋ ተወለዱ፣ ከራስ መኮንን ጋር ጨለንቆ ላይ ተዋጉ፣ ዓድዋ ዘመቱ፣ ፊታውራሪ ሆኑ፣ በጣልያን ጊዜ ሞቱ ነው። 1870 የሚለውን ያገኘሁት ውጭ አገር ያለው የአጎቴ ልጅ ከሠራው የዘር ሐረግ ላይ ነው። አያቴ የተወለዱት በ1922 ነው። ሐረር ያሉት ታናሽ እህታቸው ጋ አንድ የቆየ ሳጥን አለ። ውስጡ ዳዊት አለ፣ ጠርዙ ላይ ‹ልጄ ተወለደች፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ጥር 21፣ ዓርብ› ይላል፤ ያቺ ልጅ የአያቴ እናት ናቸው ይባላል። በምንጅላቴ ስም የተቆረጠ የ1945 የመሬት ግብር ደረሰኝና አንድ ፎቶም አለ። በዐረብኛ የተጻፈ አንድ ወረቀት ደግሞ አለ፣ ከታች 1310 የሚል ቁጥር አለው። እኛ ክርስቲያኖች ስለሆንን የሌላ ሰው ይሆናል ብለን ትተነዋል። የአባታቸው ስም ደረሰኙ ላይ ሌላ ነው፣ የአያቴ እህት የሚሉት ሌላ ነው። የልደት ማስረጃቸውን ከየትኛው መሥሪያ ቤት ላውጣ? አዲስ አበባ ሄጄ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) ልፈልግ ወይስ የዲኤንኤ ምርመራ ይሻላል?»

የልደት ማስረጃ አታገኝም። ስለጠፋ አይደለም፣ መጀመሪያውኑ ስላልነበረ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ፣ ማለትም የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ፣ የተጀመረው በ2008 ነው። ከዚያ በፊት ማዘጋጃ ቤቶች ይሰጡት የነበረው ወረቀት ሰው ቀርቦ በተናገረው ላይ የተመሠረተ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሐረርጌ ውስጥ የተወለደን ሕፃን የሚመዘግብ መሥሪያ ቤት አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን አጥምቃለች፣ ግን የተጠማቂዎች መዝገብ መያዝ ያኔ ልማድ አልነበረም፤ ማስታወሻው የክርስትና አባትና የነፍስ አባት ነበሩ። ከዚህ የሚለየው የካቶሊክ ሚሲዮኑ ነው። የፈረንሳይ ካፑቺኖች ሐረር የገቡት በ1870ዎቹ መጀመሪያ ነው፣ የጥምቀት መዝገብም ይይዛሉ። ቤተሰባችሁ ውስጥ የካቶሊክ ወሬ ካለ እዚያ መጠየቅ ነው፣ ከሌለ እዚያ ጊዜህን አታጥፋ።

አሁን ወደ 1870። ንጉሥ ምኒልክ ሐረርን የያዙበት የጨለንቆ ውጊያ የተደረገው በ1879 መጀመሪያ ወራት ነው። በ1870 የተወለደ ልጅ ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ስለዚህ ወይ ልደቱ ወይ ውጊያው ተሳስቷል ማለት ነው። እኔ ግን ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ ባይ ነኝ። የዘር ሐረጉን የሠራው ውጭ አገር ያለ ሰው ነው። 1870 ብሎ የጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ በእኛ 1862 ነው፣ ሰውየው ጨለንቆ ላይ የ17 ዓመት ጎረምሳ ይሆናሉ፣ ታሪኩም ቆመ። ለአጎትህ ልጅ ዛሬውኑ ደውልና በየትኛው አቆጣጠር እንደጻፈው ጠይቀው። እዚህ አካባቢ የማያቸው የዘር ሐረጎች በብዛት የሚበላሹት እንዲህ ነው። አንዱ ልጅ በፈረንጅ ይጽፋል፣ ሌላው በእኛ፣ ሦስተኛው ሁለቱን አደባልቆ ይገለብጣል፣ በመጨረሻ ልጅ ከአባቱ በሦስት ዓመት ያንሳል። እሱንም ብታስተካክል 1862 በራሱ ግምት ነው፣ ምንም ሰነድ የለውም። ግምት መሆኑን አጠገቡ ጻፍበት።

ድሬዳዋ ተወለዱ የሚለው ግን አይሆንም። ከተማዋ የተቆረቆረችው የጅቡቲው ባቡር ሲደርስ፣ በ1895 ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አዲስ ሐረር ይሏትም ነበር። ባቡሩ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልቻለ እታች ሜዳው ላይ ቀረ፣ ከተማውም እዚያው በቀለ። ከዚያ በፊት ቦታው የኦሮሞና የኢሳ አርብቶ አደሮች አገር ነው፣ የሐረር ነጋዴ መንገድ ደግሞ በጊልዴሳ በኩል ወደ ዘይላ ነበር። እንደሚመስለኝ ቤተሰቡ የሰፈሩበትን ቦታ የተወለዱበት አድርጎ ይዞታል። ባቡሩ ሲመጣ ከሐረር የወረደው ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ «የት ተወለዱ» የሚለው ጥያቄ አሁንም ክፍት ነው፣ ባዶውን ተወው።

ስለ ጨለንቆ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ይህን በደንብ ያዘው። «ጨለንቆ ላይ ተዋጉ» ሲባል ከየትኛው ወገን ሆነው? ያን ጦር የመሩት ንጉሥ ምኒልክ ራሳቸው ናቸው። ከወዲያ በኩል የአሚር አብዱላሂ ሠራዊት ነበር፣ ከሐረሪውም ከኦሮሞውም የተሰለፈ። መኮንን ሐረርን የተሾሙት ከድሉ በኋላ ነው፣ ራስ የተባሉትም ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ «ከራስ መኮንን ጋር ጨለንቆ» የሚለው አነጋገር ከጊዜ በኋላ የተሰካ ነው። ሰውየው ከሸዋ ጋር መጥተው ሊሆን ይችላል፣ በዚያች ቀን ከወዲያ ማዶ ቆመው በኋላ በመኮንን ሥር የገቡም ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ነው፣ ልጅ ልጆቹ ዛሬ አማርኛ ተናጋሪ ክርስቲያን ናቸው። አንተ መልሱን አስቀድመህ ወስነህ አትነሳ። ካወቅኸው ነገር ጋር የማይገጥም ወረቀት ስታገኝ ወደ ጎን ታደርገዋለህ፣ ያ ደግሞ በዐረብኛው ወረቀት ላይ አስቀድሞ ደርሷል።

ወደሱ ከመሄዴ በፊት ዳዊቱ። ይህ ማስታወሻ ወርቅ ነው፣ ምክንያቱም ዓመት ሳይጽፍ ዓመቱን ይናገራል። የወንጌላውያኑ ዘመን በአራት ዓመት ይዞራል። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምርና ለ4 አካፍል፣ 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። በዚህ ስሌት በእሳቸው ዕድሜ ውስጥ የማርቆስ ዘመን የሚሆኑት 1878፣ 1882፣ 1886፣ 1890፣ 1894፣ 1898 እያሉ ይቀጥላሉ። አሁን ዕለቱን ጨምርበት። ጥር 21 በ1878 ሐሙስ ነበር፣ በ1882 ማክሰኞ፣ በ1886 እሑድ፣ በ1890 ዓርብ፣ በ1894 ረቡዕ፣ በ1898 ሰኞ። ዓርብ የዋለው በ1890 ብቻ ነው። ያው ጥምረት ተመልሶ የሚመጣው በ28 ዓመት ስለሆነ ሌሎቹ አማራጮች 1862 እና 1918 ናቸው። 1862 ራሳቸው ተወለዱ የምትሉበት ዓመት ነው፣ የልጃቸው ሊሆን አይችልም። በ1918 የተወለደች ልጅ ደግሞ በ1922 አያትህን ልትወልድ አትችልም። ስለዚህ የአያትህ እናት የተወለዱት ጥር 21 ቀን 1890 ነው፣ ከዓድዋ ሁለት ዓመት በኋላ፣ አባታቸው በቤተሰብ ግምት 28 ዓመታቸው ነው። እስካሁን ካልከኝ ነገር ሁሉ በጣም የማምነው ይህን ነው።

ሁለት ጥንቃቄ ግን አለኝ። ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም ነው፣ ሰው ደግሞ ልደትን ወደ ትልቅ በዓል ማስጠጋት ይወዳል። ሌላው፣ ሌሊት የተወለደ ልጅ ዕለቱ በዋዜማውም በማግስቱም ሊጻፍ ይችላል። «ለቅዳሜ አጥቢያ» የሚል ቃል አጠገቡ ካለ ስሌቱ ይቀየራል፣ ቅዳሜ ከሆነ 1874 ወይም 1902 ይመጣልና። ጽሑፉን በባትሪ ብርሃን ከጎን እያበራህ እስከ መጨረሻው አንብበው። የሌሎች ልጆች ልደት በዚያው እጅ ተጽፎ እንደሆነም እይ። ሁሉም በአንድ ቀለም በአንድ ቀን የተጻፈ ከመሰለህ ከዓመታት በኋላ ከትዝታ የተመዘገበ ነው ማለት ነው፣ ያኔ እምነትህን ትንሽ ቀንስ።

ደረሰኙ የሚያስቸግር ይመስላል፣ አያስቸግርም። በጣልያን ጊዜ የሞተ ሰው በ1945 እንዴት ግብር ከፈለ? አልከፈለም። የመሬት መዝገብ ላይ የመጀመሪያው ባለመሬት ስም ከሞተም በኋላ ለዓመታት ይቆያል፣ ወራሾቹ በሱ ስም ይከፍላሉ። ስለዚህ ደረሰኙ በሕይወት መኖራቸውን አያረጋግጥም። የሚጠቅምህ ሌላ ቦታ ነው። የመሬቱን ቦታ ስም፣ ምድቡን፣ ስንት ጋሻ እንደሆነ አንብብ። የቦታው ስም ዛሬ የትኛው ወረዳ ውስጥ እንደሚገባ ካወቅህ በዚያ አካባቢ የነበረ የውርስ ክርክር መፈለግ ትችላለህ። የውርስ ክርክር ፋይል ለዚህ ሥራ እንቁ ነው፣ ምስክሮች ቀርበው እከሌ የእከሌ ልጅ ነው፣ እናቱ እከሊት ናት እያሉ በመሐላ ያስመዘግቡበታልና። በ1967 የገጠር መሬት በአዋጅ 31 ሲወረስ የእነዚህ ወረቀቶች ሕጋዊ ዋጋ ቀረ፣ ሰው ግን አልጣላቸውም፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው።

አሁን ወደ ዐረብኛው ወረቀት። እሱን የሌላ ሰው ነው ብሎ መተው ትልቁ ስሕተት ነው። ሰው የማያነበውን ወረቀት ከዳዊቱና ከግብር ደረሰኙ ጋር በአንድ ሳጥን ለመቶ ዓመት የሚያስቀምጠው ጉዳዩ የራሱ ስለሆነ ነው። ሐረር የጽሑፍ ከተማ ናት። በአሚሮቹ ጊዜ የቤትና የመሬት ሽያጭ፣ ውርስ፣ ኒካሕ (የጋብቻ ውል)፣ ወቅፍ (ለሃይማኖት የተሰጠ ንብረት) በዐረብኛ ይጻፍ ነበር፣ በዐረብኛ ውል መጻፍም ከ1879 በኋላ ወዲያው አልቀረም። ጀጎል፣ በግንብ የታጠረው አሮጌው ሐረር፣ ውስጥ ቤት የገዛ ክርስቲያን ውሉ የተጻፈለት በዚያው በከተማው ልማድ ሊሆን ይችላል። 1310 የሂጅራ፣ ማለትም የእስልምና አቆጣጠር፣ ዓመት ከሆነ በእኛ ከ1884 ሐምሌ እስከ 1885 ሐምሌ ያለው ጊዜ ነው፣ ማለትም ራስ መኮንን ሐረርን በሚገዙበት፣ የአያትህ እናት ከመወለዳቸው አምስት ዓመት ገደማ በፊት። የምንጅላትህ ጉልምስና ላይ ልክ ይገጥማል።

እንዲህ ያለ ውል አብዛኛውን ጊዜ መልኩ የታወቀ ነው። በቢስሚላህ ይጀምራል፣ ሻጭና ገዢን ከነአባታቸው አንዳንዴም ከነአያታቸው ይጠራል፣ ቤቱ ወይም መሬቱ በአራት አቅጣጫ ከማን ጋር እንደሚዋሰን ይዘረዝራል፣ ዋጋውን ይናገራል፣ ምስክሮች ይቆጥራል፣ ቀኑን ይዘጋል። አንተ ሦስት ነገር ነው የምትፈልገው። ምንጅላትህ በገዢነት አሉ? በሻጭነት? ወይስ አዋሳኝ ወይም ምስክር ሆነው? በሦስቱም መንገድ ስማቸው ከነአባታቸው ቢገኝ፣ ደረሰኙና የአያትህ እህት የማይስማሙበትን የአባት ስም የሚዳኝ ሰነድ አገኘህ ማለት ነው። የክርስትና ስማቸውን ብቻ ይዘህ ግን አትፈልግ፣ ሌላ ስም ኖሯቸው ሊሆን ይችላል። የሚያነብልህ ሰው የድሮ የእጅ ጽሑፍ የሚያውቅ ይሁን፣ ዐረብኛ መናገር ብቻ አይበቃም። ጀጎል ውስጥ ኪታብ የሚያነቡ ሽማግሌዎች አሉ፣ በራስ ተፈሪ ቤት ያለው የሸሪፍ ሙዚየም ሰዎችም ለእንዲህ ያለ ነገር ቅርብ ናቸው። ለአንድ ሰው ብቻ አታሳይ። ሁለት ሰው ለየብቻ ያንብበው፣ የአንዱን ንባብ ለሌላው ሳትነግር። ስም ላይ አንዲት ነጥብ ከተሳሳተች ሌላ ሰው ስለምትሆን ነው።

የአባት ስም ሁለት መሆኑ ብዙ ጊዜ ውሸት አይደለም። ክርስትና የተነሳ ሰው በክርስትና አባቱ ወይም ባስጠጋው ጌታ ስም ሲጠራ ኖሮ ልጆቹ ያንን እንደ አያት ስም ይይዙታል። የዓለም ስምና የክርስትና ስም መቀላቀልም አለ። የፈረስ ስምም ይገባበታል፣ ራስ መኮንን «አባ ቃኘው» እንደሚባሉት ሁሉ የአካባቢው መኳንንትም በ«አባ» ስም ይታወቁ ነበርና አንድ የልጅ ልጅ ያንን የአባት ስም አድርጎ ሊጽፈው ይችላል። ከዚህ የከበደ ነገርም አለ፣ ሳልነግርህ አላልፍም። ሐረር በዚያ ዘመን የባሪያ ንግድ የሚያልፍባት ከተማ ነበረች። ቤት ውስጥ ያደገ አሽከር የቤቱን ጌታ ስም ይዞ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ከወጣ ውርደቱ የሸጡት እንጂ የሳቸው አይደለም። ግን በቤተሰቡ ስብሰባ ፊት አትዘርግፈው፣ መጀመሪያ ለአያትህ እህት ለብቻቸው አንሳላቸው። ምናልባት እሳቸው ድሮ ያውቁት ይሆናል።

እሳቸው እንዲያውም ከወረቀቶቹ ሁሉ ይበልጣሉ፣ ዕድሜያቸውም ገፍቷል። ይህን ወር አታሳልፍ። «መቼ ተወለዱ» ብለህ አትጠይቃቸው፣ ዓመት አይዙም። የሚይዙት ሌላ ነገር ነው። ሰውየው ስለ ቱርክ ያወሩ ነበር? ግብጾች ሐረርን የያዙት ከ1868 እስከ 1877 ነው፣ ሰው ደግሞ ቱርክ ይላቸው ነበር። ምንጅላትህ ልጅ ሆነው ያዩትን የቱርክ ወታደር ወሬ አውርተው ከሆነ ያደጉት እዚሁ ነው፣ ከሸዋ አልመጡም። ወይስ የሚያወሩት ስለ መንዝና ቡልጋ ነበር? ክፉ ቀን፣ ያ ከ1880 እስከ 1884 ከብቱ ያለቀበት ረኃብ፣ የት አገኛቸው? አምባላጌንና መቀሌን ያነሳሉ ወይስ ዓድዋን ብቻ? የመኮንን ጦር ሦስቱም ላይ ስለነበረ፣ በዚያ ጦር ውስጥ የነበረ ሰው ስለ አምባላጌ አንድ ነገር ሳይል አይቀርም። ቤት ውስጥ በምን ቋንቋ ይቆጡ ነበር? በማን ስም ይምሉ ነበር? የት ተቀበሩ፣ ፍትሐቱን ማን አደረሰ? ቡና አስፈልተህ ቀስ ብለህ ጠይቃቸው፣ ድምፁንም በስልክህ ቅረጸው። የሚስታቸውን ወገንም አጥብቀህ ጠይቅ። በእኛ አገር ሁሉም በአባት በኩል ብቻ ይፈልጋል፣ ሰውየውን በስም የሚያስታውሰው ግን ብዙ ጊዜ ከሚስት ወገን ያለ ዘመድ ነው።

ወመዘክርም ሆነ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ጥሩ ቦታዎች ናቸው፣ ለአንተ ግን ገና ነው። ስምና ቦታ ሳይያዝ ተሄዶ የሚገኘው ስለ ትልልቆቹ ሹማምንት ብቻ ነው። የዘመኑ ዜና መዋዕል አዝማቹን ይጠራል፣ ተራውን ዘማች አይጠራም። ፊታውራሪነታቸውንም ቢሆን የሹመት ደብዳቤ ወይም ማኅተም ያለበት ወረቀት እስኪገኝ «ይባላል» በልና ጻፍ። ልጆቻቸው ባቡር ላይ ሠርተው ከሆነ የምድር ባቡሩን የሠራተኛ ፋይል ጠይቅ፣ የአባት ስም እዚያ ይጻፋል። ዲኤንኤ አሁን ገንዘብህን አታባክንበት። ምርመራው ስለ ዘመዶችህ ቅርበት ይነግርሃል፣ ያ ሰው ማን እንደነበረና ጨለንቆ ላይ የት እንደቆመ ግን አይነግርህም፣ በውሂቡ ውስጥ ያለው የእኛ አገር ሰውም ትንሽ ነው። ፎቶውን ጀርባውን አዙረህ እይ፣ የፎቶ ቤት ማኅተም ወይም የእጅ ጽሑፍ ካለው ንገረኝ። ከሌለው ግን ከፊት ብቻ ብዙ አትጠብቅ።

ሳጥኑን በተመለከተ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። ወረቀቶቹን ላሚኔት አታስደርግ፣ በስኮች አትለጥፍ፣ ቀለሙ እንዲጎላ ብለህ ውኃም ዘይትም አታስነካ። ዋናውን ለማንም አትስጥ፣ «ለሦስት ቀን ልውሰደውና ልመልስልህ» ለሚል በተለይ። ሁሉንም ገጽ፣ ባዶውን ጭምር፣ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሳና ለሦስት ዘመድ ላክ። ዳዊቱ የቅርስ ሕግ ሊመለከተው ስለሚችል ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት አይቻልም፣ ለአጎትህ ልጅ በሻንጣ እንዳትልክለት። ሙሉ የዘር ሐረግ እስከ አሥር ትውልድ ጽፌ እሸጥልሃለሁ የሚል ሰው ከመጣም ገንዘብህን ያዝ። ከየትኛው ወረቀት እንዳገኘው የማያሳይህን ስም አትቀበለው።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ፦ በዚህ ሳምንት ሐረር ውጣ። ሳጥኑን እዚያው በአያትህ እህት ፊት ክፈተው፣ ፎቶ አንሳ፣ እሳቸውን አናግር። በማግስቱ የዐረብኛውን ወረቀት ፎቶ ይዘህ ጀጎል ግባና አስነብብ። አዲስ አበባን ከዚያ በኋላ ታስብበታለህ። የአባታቸው ስም ወረቀቱ ላይ ከተገኘ ቀጣዩ ሥራ በዚያ ስም ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤቱና ወደ አካባቢው ሽማግሌዎች መሄድ ነው። ካልተገኘ በደረሰኙ ላይ ካለው የመሬት ስም ተነስተህ የውርስ ፋይል ፈልግ። የአጎትህ ልጅ በፈረንጅ መጻፉን ካረጋገጠልህ የዘር ሐረጉ ላይ 1870ን ሰርዘህ «1862 ገደማ፣ ግምት» ጻፍ፣ የልደት ቦታውን ባዶ ተው፣ ከልጃቸው ስም አጠገብ ግን ጥር 21 ቀን 1890 ብለህ፣ ከዳዊቱ መገኘቱንም ጨምረህ መዝግብ።